እርጥቡን እህል ከላይ አድርገው



ዛሬ ከካምፓስ ልጆች አንደበት ስለማይጠፋ አንድ ጥያቄ እናውራ።

አሳይመንቱ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ላፕቶፕ የለህም፤ ያለህ ስልክ ነው። መብራት ሄዶ የመጣው ከዒሻ በኋላ ነው፤ የገዛኸው የኢንተርኔት ጥቅልም እያለቀ ነው። ቻትጂፒቲን ከፍተህ የመምህሩን ጥያቄ እንዳለ ብትለጥፍለት ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አምስት ገጽ ያወርድልሃል። ያውም አንተ ከምትጽፈው በጠራ እንግሊዝኛ። ስምህንና የመታወቂያ ቁጥርህን ከላይ ጽፈህ ትልካለህ፤ ተኝተህም ለፈጅር ትነሳለህ። ማንንም አልመታህም፣ የማንንም ገንዘብ አልነካህም። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ፈትዋ መስጠት የኔ ድርሻ አይደለም፤ ለእርሱ ዑለማዎች አሉን። ዛሬ የፈለግኩት አብረን እንድናስብ ነው። ምክንያቱም "ሐራም ነው" ብቻ ተብሎ ቢታለፍ ነገ ሌላ አፕ ይመጣና ጥያቄው እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። "ዘመኑ ነው፣ ቴክኖሎጂ ነው" ብቻ ተብሎ ቢታለፍ ደግሞ ቀልብህ አይረጋም። የማይረጋውም በምክንያት ነው።

መሣሪያው ጠላታችን አይደለም

ከመሠረቱ እንነሳ። ወደ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የወረዱት አንቀጾች ስለ ማንበብና ስለ ብዕር ያነሳሉ። ብዕር ደግሞ መሣሪያ ነው።

በየማማ ዘመቻ ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች ሸሂድ ሲሆኑ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ቁርኣን በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ ለአቡበክር (ረ.ዐ) ሐሳብ አቀረቡ። አቡበክርም፣ ሥራው የተሰጣቸው ዘይድ ኢብኑ ሣቢትም (ረ.ዐ) መጀመሪያ አመነቱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያላደረጉትን ነገር እኛ እንዴት እናደርጋለን አሉ። ኋላ ግን አላህ ደረታቸውን ከፈተላቸውና ሥራው ተጀመረ። ዘይድ ታዲያ ራሳቸው ሐፊዝ ሆነው ሳለ "በቃሌ ይዤዋለሁ" ብለው አልተቀመጡም። ከቆዳው፣ ከአጥንቱ፣ ከተምር ዝንጣፊው፣ ከሰዎችም ልብ እያፈላለጉ አመሳከሩ። እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ ለአዲስ መንገድ ልብን መክፈት፣ በመንገዱ ላይ ግን በአማና ነገር አለመላላት። ሁለቱን አብሮ መያዝ ነው ያቃተን። አንዳንዱ አዲሱን መንገድ ሁሉ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ደግሞ አማናውን ይጥላል።

የመንገዱ ኸይር ደግሞ ብዙ ነው። አሜሪካ ያለው የኤም.አይ.ቲ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስታወሻና ፈተና በነጻ ለዓለም እንደሚለቅ ያስታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ ነው። ዛሬ ደሴ ያለ ተማሪ ቦስተን አጠገብ የሚሰጠውን የሒሳብ ኮርስ በስልኩ ይከታተላል። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ በቴሌግራም በተላከ ሃንድአውት ከኮርሳቸው ሳይቆራረጡ የቆዩ ነበሩ። ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ሁሉም ከተኛ በኋላ ስልኳን ከፍታ የምትማር እህት ብትኖር፣ ለሷ ይህ ስክሪን የተከፈተ በር ነው። ዊልቸር ላይ ላለ ወንድም ደረጃ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ነው። እንዲህ ያለ ኒዕማ ሲመጣ ሹክሩ በአግባቡ መጠቀም ነው።

ጥያቄው እንግዲህ "ቴክኖሎጂ ይፈቀዳል ወይ?" አይደለም። ጥያቄው "በቴክኖሎጂው ምን እያስደረግኩ ነው?" የሚለው ነው።

ዘካህና ሰላት

ፊቅህ የቀራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። አንዳንዱ ዒባዳ ውክልና ይቀበላል። ኒያው ያንተ ሆኖ ዘካህን ለሚገባው የሚያደርስልህ ሰው ትወክላለህ። ኡዱሒያህን የሚያርድልህ ሰው ትወክላለህ። በእርጅና ወይም በማይድን ሕመም ሐጅ ማድረግ ላልቻለ ሰው ሌላ ሰው ሐጅ ያደርግለታል። ሰላት ግን? "ዛሬ ደክሞኛልና ዙህሬን ስገድልኝ" ብለህ ወንድምህን መላክ አትችልም። ወንድምህ ካንተ በላይ ኹሹዕ ያለው፣ ቂርኣቱ ካንተ ያማረ ቢሆንም አትችልም።

ልዩነቱን ልብ በል። በዘካህ ትልቁ ጉዳይ ሐቁ ከሚስኪኑ እጅ መግባቱ ነው። ማንም ያድርሰው ማን፣ እህሉ ያው እህል ነው፣ ሚስኪኑም ይጠግባል። በሰላት የሚፈለገው ግን አንተው ራስህ በጌታህ ፊት መቆምህ ነው። አንተ ካልቆምክ የቀረ ነገር የለም።

እንግዲህ ይህን ለምሳሌ ያህል ይዘን (ሑክም እያወጣሁ አይደለም) የትምህርት ሥራህን አንድ በአንድ ጠይቀው፦ ይህ ሥራ እንደ ዘካህ ነው ወይስ እንደ ሰላት?

የማጣቀሻ ዝርዝርን በፊደል ተራ ማስያዝ፣ ገጽ መቁጠር፣ ሰንጠረዥ ማሳመር፣ የፊደል ስህተት ማረም፣ እነዚህ እንደ ዘካህ ናቸው። ማሽን ቢሠራቸው ካንተ የሚጎድል ነገር የለም፤ ጊዜህን ይቆጥብልሃል። ጥያቄውን መረዳት፣ ጽሑፉን ማንበብ፣ ስሌቱን መሥራት፣ "ለምን?" ብሎ መጨነቅ፣ ተሳስቶ እንደገና መጀመር ግን እንደ ሰላት ናቸው። አንተ ካልቆምክባቸው የሉም።

መምህሩ ስለ ዋጋ ግሽበት የተጻፈ ወረቀት አጥቶ አይደለም አሳይመንት የሰጠህ። ወረቀቱን ካነበበው በኋላ መደርደሪያ ላይ ይጥለዋል። የፈለገው ወረቀቱን ስትጽፍ ባንተ ውስጥ የሚሠራውን ነገር ነው። ማሽኑ ወረቀቱን ይሰጥሃል፤ ያንን የውስጡን ነገር ግን ሊሰጥህ አይችልም። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የተታለለው መምህሩ ብቻ አይደለም። ድካሙን አስቀረሁ ያልከው አንተም የመጣህበትን ነገር አስቀርተሃል።

ነገሩ ደግሞ ካንተ ያልፋል። ፋርማሲ የምታጠኚው እህቴ፣ የሕፃን መድኃኒት በኪሎ ሲሰላ ነጥቧ አንድ ቦታ ከተሳሳተች መጠኑ አሥር እጥፍ ነው። ሲቪል ምሕንድስና የምታጠናው ወንድሜ፣ ኮንክሪት ውስጥ ውሃ ከልኩ ሲያልፍ ጥንካሬው እንደሚወርድ የገባህ ተሰልቶልህ ነው ወይስ አስልተህ? የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ከመሸ፣ ኔትወርክ ሳይኖር፣ ታማሚ ፊትሽ ተኝቶ የምትቆሚበት ቀን ይመጣል። ያኔ ካንቺ ጋር የሚኖረው አንቺው ራስሽ ሠርተሽ ያወቅሽው ብቻ ነው። የታማሚው እናት "ዲግሪ አላት" ብላ ልጇን ሰጥታሻለች። ይህ አማና ነው፤ የአማናው ፊርማ ደግሞ ያ የአንደኛ ዓመት አሳይመንት ነው።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እየወሰዱ እንደሆነ ታውቃለህ። ማለፊያው ሃምሳ ከመቶ ነው፤ የሚወሰደውም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በማሽን ስታሠራ የኖርከውን፣ እዚያው ማሽን ፊት ብቻህን ተቀምጠህ ትጠየቃለህ። ለእኔ ይህ ፈተና ከውጤቱ ይልቅ የሚያስታውሰኝ ነገር አለ፦ ማንም ለማንም የማይወከልበት ሌላ ቀን አለ። በዚያ ቀን ሁሉም ለብቻው ነው የሚቀርበው።

እርጥቡ እህል

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ያልፋሉ። እጃቸውን ወደ ክምሩ ያስገባሉ፤ ጣታቸው እርጥበት ያገኛል። ላዩ ደረቅ ነው፣ ውስጡ ግን ርሷል። ባለእህሉን ይህ ምንድነው ብለው ይጠይቁታል። ዝናብ መቶት ነው ይላቸዋል። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ይጠይቁታል፤ ከዚያም የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ያሳውቃሉ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ ለነጋዴ ነው የምንጠቅሰው። ለተማሪ እንጥቀሰው እስኪ።

መጀመሪያ፣ ዝናቡ ወንጀል አልነበረም። ሰውየው ዝናብ አላዘነበም። እህሉ መርጠቡም ወንጀል አልነበረም። "ርጥብ እህል ይዘህ ለምን ገበያ መጣህ?" አልተባለም። የተጠየቀው ስለ መደበቁ ነው። ደረቁን ላይ አድርጎ እርጥቡን ከሥር መክተቱ ነው።

ያንተም ሁኔታ እንዲሁ ነው። ርዕሱ አለመግባቱ ወንጀል አይደለም፤ ልትማር እንጂ ዐዋቂ ሆነህ አልመጣህም። እንግሊዝኛህ መድከሙ ወንጀል አይደለም። ጊዜ ማጠሩ፣ መብራት መሄዱ ያንተ ዝናብ ነው። ከማሽን እገዛ መጠየቅህም በራሱ መደበቅ አይደለም። ችግሩ ላዩን ያማረ ደረቅ እህል አድርገህ፣ ሥሩ የማታውቀውን ነገር፣ "የእኔ ነው" ብለህ ለመምህሩ፣ ከዚያም ለቀጣሪው፣ ከዚያም ለታማሚው ስትሸጥ ነው። የቡኻሪና የሙስሊም ሌላ ሐዲስ ላይም፣ ሳይሰጠው እንደተሰጠው ሆኖ ራሱን የሚያሳይ ሰው የሐሰት ልብስ በላይ በላዩ ከደረበ ሰው ጋር ተመሳስሏል። የምርቃት ጋዋን ስትለብስ ይህን አስበው።

እርጥቡን ከላይ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው? መምህሩ እገዛ ፈቅዶ ከሆነ፣ "ለቋንቋ እርማት ኤ.አይ ተጠቅሜያለሁ" ብለህ በግልጽ መጻፍ ነው። ከልክሎ ከሆነ ደግሞ አለመጠቀም፤ ወደ ትምህርቱ ስትገባ ደንቡን ተቀብለህ ነው፣ ሙስሊም ደግሞ ውሉን ያከብራል። ካልገባህ "ይህ ክፍል አልገባኝም" ብለህ የገባህን ያህል መጻፍ ነው። አዎ፣ ነጥብ ይቀነሳል። እርጥብ እህልም በርካሽ ነው የሚሸጠው። ነገር ግን በርካሽ የሸጠ ሰው ሐላሉን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ግራ ሲገባህ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለህ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወንጀል በደረት ውስጥ የሚከነክን፣ ሰዎችም እንዳያውቁብህ የምትጠላው ነገር መሆኑን አስተምረዋል። ያደረግከውን ለመምህርህ ፊት ለፊት መንገር ትችላለህ? ከቻልክ አልሐምዱሊላህ። ስትነግረው ፊትህ የሚለዋወጥ ከሆነ መልሱን ቀልብህ ነግሮሃል።

ካሜራው ሲጠፋ

በኦንላይን ትምህርት ላይ ሌላ ፈተና አለ። ካሜራህን አጥፍተህ፣ ማይክህን ዘግተህ፣ ስምህ ብቻ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ መተኛት ትችላለህ። አቴንዳንስ ተይዞልሃል። ፈተናው ሲመጣ አንድ ስልክ ለፈተናው፣ ሌላ ስልክ ለቴሌግራም ግሩፑ። ያኔ በክፍል ውስጥ አጤሬራ ለመያዝ እንኳ ልብ ይመታ ነበር፤ አሁን ያ ፍርሃት የለም። ዩኒቨርሲቲዎች በካሜራ የሚጠብቅ፣ የዐይን እንቅስቃሴ የሚከታተል ሶፍትዌር አመጡ፤ ተማሪዎችም እርሱን የሚያታልሉበት መንገድ አገኙ። ይህ ሩጫ ማለቂያ የለውም።

የዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ሲወራ የሚነሳውን የወተት ሻጯን ልጅ ታስታውሳለህ። ዑመር ሌሊት ሲዞሩ እናት ለልጇ ወተቱን በውሃ ቀይጪው ስትል ይሰማሉ። ልጅቱ ዑመር ከልክለዋል ትላለች። እናት ዑመር የት ያዩሻል ትላታለች። ልጅቱም ዑመር ባያዩ የዑመር ጌታ ያያል ብላ ትመልሳለች። ልብ በል፣ ዑመር በዚያች ሌሊት በእርግጥ እየሰሙ ነበር። እሷ ግን አታውቅም። መልሷን ያከበረው አለማወቋ ነው። ካሜራ እንዳለ አውቀህ ብትታመን የካሜራው ነው ምስጋናው።

የጂብሪል ሐዲስ ላይ ኢሕሳን የተተረጎመው በዚሁ ነው፦ አላህን እንደምታየው ሆነህ መገዛት፣ አንተ ባታየው እርሱ እንደሚያይህ ማወቅ። የኦንላይን ክፍል እንግዲህ ከዲግሪው ሌላ የሚሰጥህ ዕድል አለ። ማንም በማያይህ ክፍል ውስጥ ታማኝ መሆንን የምትለማመድበት ቦታ ነው። በዚህ በኩል ካየኸው ዶርምህ ውስጥ ያለችው ያቺ አልጋ ሚሕራብ ልትሆን ትችላለች።

ሰነዱ የት አለ?

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ማሽኑ አሠራር። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ላይ ሠልጥነው፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ የሚጽፉ ናቸው። የሚያምር ዐረፍተ ነገር መጻፋቸው እውነት መናገራቸውን አያሳይም። የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲው፣ የሌለ ጥናት ከነዓመቱ ፈጥረው ሊሰጡህ ይችላሉ፤ ሲሳሳቱ ደግሞ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። ሐዲስ ብትጠይቀው ደግሞ ሐዲስ የሚመስል፣ ሐዲስ ያልሆነ ነገር ሊያቀርብልህ ይችላል። ይህ ቀልድ አይደለም።

እኛ ደግሞ የሰነድ ኡማ ነን። "ማን ነገረህ? እርሱስ ከማን ሰማ?" ብሎ መጠየቅን ዒልም ያደረገ ኡማ ነን። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንድ ሐዲስ ለማረጋገጥ የአንድ ወር መንገድ ተጉዘዋል። እኛ ሊንኩን ተጭነን ማየት ከብዶናል! ማሽኑ "እንዲህ ያለ ጥናት አለ" ካለህ፣ ጥናቱን ፈልገህ አግኘው፣ ከፍተህ አንብበው። ካላገኘኸው ጣለው። ቢያንስ የጃቢርን ሐቅ በአንዲት ጠቅታ እንወጣ።

"ግን እኮ..."

የምትለውን አውቃለሁ።

"ሁሉም ያደርገዋል፤ እኔ ብቻ ብታመን ጂፒኤዬ ይወርዳል።" ልክ ነህ፣ ሊወርድ ይችላል። ይህን ቀላል አድርጌ አልነግርህም። ምደባም፣ ሥራም፣ የቤተሰብ ተስፋም ከውጤት ጋር ታስሯል። አባትህ በሬ ሽጠው የላኩህ ልጅ ልትሆን ትችላለህ። ነገር ግን ገበያው ሁሉ እህሉን ቢያርስ ደረቅ ይዞ የመጣው ሰው ከሳሪ ነው ወይ? አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይከስራል። በኋላ ግን ገዢ የሚፈልገው እርሱን ነው። ባይፈለግ እንኳ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ይህን በምላሳችን እንላለን፤ በአሳይመንት ቀን ነው የሚፈተነው።

"መምህሩ ራሱ ስላይድ አንብቦ ይወጣል፤ አሳይመንቱንም አያነበውም።" ይህም ይኖራል። መምህር የሆንክ ካለህ ላንተም መልእክት ነው፦ የማታነበውን ሥራ መስጠት አንተም አማና መጣል ነው። ወሎ ውስጥ በዳናና በጌታ የነበሩ ደረሳዎችን አስቡ። ከሩቅ አገር በእግር መጥተው፣ ከሸይኹ ፊት ቁጭ ብለው ኪታቡን ይቀራሉ። ሸይኹ በጆሮው ይሰማል፤ ስትሳሳት ያርምሃል። እዚያ ማን ለማን ይቀራል? ዛሬም ተማሪውን አምስት ደቂቃ አስቀምጦ "ይህን የጻፍከውን አስረዳኝ" ማለት ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። ለተማሪው ግን መልሱ ሌላ ነው። ያመነህን ሰው አማናውን መልስ፣ የከዳህን ሰው መልሰህ አትክዳ የሚል የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር አለን። የመምህሩ ሒሳብ ከአላህ ጋር ነው፤ ያንተም እንዲሁ።

"ሐሳቡ የኔ ነው፣ እንግሊዝኛው ነው ያቃተኝ።" ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ስንት ብሩህ ልጅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ የገባውን ነገር በእንግሊዝኛ መናገር አቅቶት ዝም ይላል። እንዲህ አድርግ፦ መጀመሪያ ሐሳብህን በምታስብበት ቋንቋ ጻፈው። ከዚያ በቻልከው እንግሊዝኛ ጻፈው። ከዚያ ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ ማሽኑ እንዲያርምልህ ስጠው፤ ምን እንዳረመና ለምን እንዳረመ ጠይቀው። በሦስተኛው ዓመት ላታስፈልገው ትችላለህ። ሐሳቡን ራሱ እንዲያስብልህ ከሰጠኸው ግን ቋንቋውንም ሐሳቡንም አጣህ።

"እኔማ ተመርቄያለሁ። መመረቂያ ጽሑፌን በገንዘብ አስጽፌ ነው።" ወንድሜ፣ እህቴ፣ የአላህ ራሕመት በር አልተዘጋም። በዚህ ጉዳይ የተጠየቁ ዑለማዎች አሉ፤ ከማታለሉ ተውበት ማድረግ ግዴታ እንደሆነ፣ ሥራውን በአግባቡ መሥራት የሚችልና የሚሠራ ከሆነ ደመወዙ እንደማይከለከል የመለሱ አሉ። ያንተን ዝርዝር ለምታምነው ዓሊም አቅርብ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር በእጅህ ነው፦ የዘለልከውን አሁን ተማረው። በነጻ የተለቀቀው ኮርስ ለተመራቂም ክፍት ነው።

የሙሳ (ዐ.ሰ) መንገድ

በጁምዓ ቀን ሱረቱል ካህፍን እንቀራለን። መሃል ላይ የሙሳና የኸድር (ዐ.ሰ) ታሪክ አለ። በሐዲስ እንደተዘገበው ሙሳ ከሰዎች ሁሉ ይበልጥ ዐዋቂ ማነው ተብለው ሲጠየቁ "እኔ" ብለው ነበርና፣ አላህ ከእርሳቸው ዘንድ የሌለ ዕውቀት ያለው ባሪያ እንዳለ አሳወቃቸው። ሙሳም ተነሱ። የአላህ ነብይ፣ አላህ ያናገራቸው ሆነው፣ ለመማር በእግራቸው ተጓዙ። መንገዱ ረዘመ፣ ድካም ተሰማቸው፣ ራባቸው፣ ዓሣውንም ረሱት፣ የመጡበትን መንገድ መልሰው ሄዱ። ሲደርሱም "አስተምረኝ" ብለው በትሕትና ፈቃድ ጠየቁ። የተጠየቁት ክፍያ ምን ነበር? ትዕግሥት።

እስኪ አስብ፤ አላህ ያንን ዕውቀት ለሙሳ በወሕይ፣ ካሉበት ሳይነሱ፣ በአንድ ቅጽበት መስጠት አይችልም ነበር? ይችላል። ግን አስጓዛቸው። መንገዱ የትምህርቱ አካል ነበር ማለት ነው።

የኛ ዘመን መንገዱን አሳጥሮልናል፤ አልሐምዱሊላህ። የአንድ ወሩን መንገድ በአንዲት ጠቅታ አድርጎልናል። ነገር ግን ያጠረው የእግር መንገድ ነው። ካለማወቅ ወደ ማወቅ ያለው መንገድ ግን አሁንም ያው ነው፤ አልተቀነሰም። ድካም ቢሰማህ፣ ብትረሳ፣ ተመልሰህ እንደገና ብትጀምር፣ ያ መንገድ ላይ ነህ ማለት ነው። በኪስህ ያለው ስልክ ሁሉን የምታውቅ ሲያስመስልህ ደግሞ ሙሳን አስታውስ፤ "እኔ" ማለት ለእርሳቸው እንኳ አልተተወም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ማንኛውንም አሳይመንት ማሽን ከመክፈትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ብቻህን ከጥያቄው ጋር ተቀመጥ፤ የተሳሳተም ቢሆን የራስህን መልስ ጻፍ። ሁለተኛ፣ በስምህ የምትልከውን ነገር ሁሉ ወረቀቱን ሳታይ ለጓደኛህ ማስረዳት ካልቻልክ አትላከው። ሦስተኛ፣ የተገለገልክበትን እገዛ አትደብቅ፤ እርጥቡን ከላይ አድርገው።

አላህ ጠቃሚ ዒልም፣ ሐላል ሪዝቅ፣ ተቀባይነት ያለው ሥራ ይስጠን። ዕውቀታችንን ለኛ ማስረጃ ያድርግልን እንጂ በኛ ላይ አያድርግብን። በፈተና ላይ ያሉትን ያግዛቸው፣ ወላጆቻችን የለፉበትን በረካ ያድርግላቸው። በዱዓችሁ አትርሱን፤ በነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዙ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።